ዓይኔ ሲደበዝዝ ዝም ያልኩባቸው ዘጠኝ ቀናት

ይህን የምጽፈው ለካንሰር የሚወስዱት ኬሞ መሥራት አቁሞ፣ ሐኪማቸው "ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት አለ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ..." ላሏቸው ሰዎችና አጠገባቸው ለሚቆሙ ዘመዶች ነው። እኔ ያን ንግግር በሰማሁበት ቀን ጆሮዬ የያዘው "መድኃኒት አለ" የሚለውን ብቻ ነበር። "በሙከራ ላይ ያለ" የሚለው የገባኝ ቆይቶ ነው። በደንብ የገባኝ ደግሞ አንድ ነገር ደብቄ፣ ስማቸውን እንኳ በማላውቃቸው ሰዎች ላይ ጉዳት ላደርስ ስል ነው። እዚያ እደርሳለሁ።

በሽታዬ ጉበት ውስጥ ካለው የሐሞት ቱቦ የሚነሳ ካንሰር ነው። ከቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር በሚወጋ ሕመምና እንቅልፍ በማይመልሰው ድካም ጀመረኝ። ሲገኝ ሳንባዬ ላይም ትንንሽ ነጠብጣቦች ስለነበሩ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ቀረ። ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የሚባሉትን ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች አብሬ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት ሰዎች ግማሾቹ ከ11.7 ወር በላይ በሕይወት ቆይተዋል፤ ጄምሲታቢንን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ደግሞ ከ8.1 ወር በላይ። የሁለቱ ልዩነት ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ጤነኛ ሆኜ ሳለሁ ብሰማው ኖሮ "ይህቺም ልዩነት ሆና!" እል ነበር። በሽተኛ ሆኜ ስሰማው ግን ሦስት ወር ተኩል ብዙ ጊዜ ነው።

ለእኔ ስድስት ወር ያዘልኝ። በሰባተኛው ወር በተነሳሁት ሲቲ ስካን ላይ ጉበቴ ውስጥ ያለው ዕጢ አድጎ ታየ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። "እትዬ፣ አንቺ አድምጪ፤ እኔ እጽፋለሁ" ብሎ ያን ቀን ደብተር ጀመረ። ከዚህ በታች ቀንና ቁጥር እየጠራሁ የምናገረው ሁሉ ከዚያ ደብተር የተገኘ ነው። አንድ ሰው ደብተር ይዞ አብሯችሁ ይግባ። የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ ከሚነገረው እኩሌታውን እንኳ ይዞ አይወጣም።

ሐኪሜ ከመጀመሪያው ባዮፕሲ (ለምርመራ ከዕጢው ከተወሰደው ናሙና) የተረፈችውን ቁራጭ ለዘረ መል ምርመራ ልካት ነበር። ውጤቱ የደረሰው ኬሞው ባቆመ ሰሞን ነው። ኤፍጂኤፍአር ሁለት የሚባል ጂን ተሰብሮ ከሌላ ጂን ጋር ተገጣጥሟል አለችኝ። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን በሴሉ ገጽ ላይ የሚቀመጥ መልእክት ተቀባይ ነው። ከውጭ "እደግ" የሚል ምልክት ሲመጣ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ካልመጣ ዝም ይላል። ተሰብሮ ከሌላ ጋር ሲጋጠም ግን ማንም ሳይልከው ሌት ተቀን "እደግ፣ ተባዛ" ሲል ይኖራል። ጉበት ውስጥ ባለው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ከተያዙ ሰዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ኬሞ በፍጥነት የሚባዛን ሴል ሁሉ ይመታል፤ ታላሚ መድኃኒት የሚባለው ደግሞ እንዲህ ያለችውን አንዲት የተበላሸች ፕሮቲን ፈልጎ ለመዝጋት የሚሠራ ነው።

በዚያ ጊዜ ለዚህ ስብራት የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው ፔሚጋቲኒብ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ነው። ለእኔ የቀረበልኝ ገና ስም ያልወጣለት፣ በፊደልና በቁጥር ብቻ የሚጠራ ክኒን ነበር። እግረ መንገዴን ልበል፦ ካንሰራችሁ የተስፋፋ ከሆነና የዘረ መል ምርመራ ካልተደረገላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የተረፈ ናሙና ከሌለ አንዳንዱን ለውጥ ከደምም ማየት ይቻላል። እኔ ያች ቁራጭ ባትላክልኝ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመድኃኒት ሙከራ ምዕራፎች አሉት። በሦስተኛው ምዕራፍ አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ሕክምና ጋር ይወዳደራል፤ በሁለተኛው ዕጢውን ያሳንሳል ወይ ተብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሐኪሞቹ ፌዝ ዋን የሚሉት፣ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ለሰው ምን ያህል መስጠት ይቻላል? ሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? የሚጎዳውስ ምኑን ነው? ዕጢው ከቀነሰ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ይመዘገባልም። ሙከራው የተዘጋጀው ግን መጠኑን ለማግኘት ነው።

አሠራሩን ወንድሜ ደብተሩ ላይ በደረጃ ሥሎ አስረዳኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ መጠን ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ዙር፣ በእኛ ሙከራ 21 ቀን ነበር፣ በአንዳቸውም ላይ ከባድ ጉዳት ካልታየ ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ወዳለው መጠን ይወጣሉ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ከታየ በዚያው መጠን ሌሎች ሦስት ይጨመራሉ። ሁለት ሰዎች ከተጎዱ መውጣቱ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ይወሰዳል። ከዚህ የተለየ ስሌት የሚከተሉ ሙከራዎች አሉ፤ ሐሳቡ ግን ተቀራራቢ ነው። እኔ በአራተኛው ደረጃ ላይ ሦስተኛዋ ሰው ነበርኩ። ይህን ማወቅ ጠቅሞኛል። ከፊቴ ዘጠኝ ሰዎች ዝቅ ባለ መጠን ወስደውታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕጢያቸውን የመቀነስ ዕድሉ አነስተኛ በሆነበት መጠን ገብተው መንገዱን ከፍተውልኛል። ማን እንደሆኑ አላውቅም።

የስምምነት ቅጹ ከሃያ ገጽ በላይ ነበር። እዚያው እንድፈርም ማንም አላጣደፈኝም፤ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩና አራት ቀን ከወንድሜ ጋር አነበብነው። የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ በእኔ እምነት ያ ብቻውን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ነው። ቅጹ ላይ ከሁሉ የከበደኝ "ከዚህ ጥናት በቀጥታ ላይጠቀሙ ይችላሉ" የምትለው መስመር ናት። ሁሉም ቅጽ ላይ ስላለች ዓይን አልፏት ይሄዳል። ሰው ጥናትን ከሕክምና ጋር እንደሚያምታታ፣ ሐኪም ያቀረበለትን ነገር ሁሉ ለእሱ ጥቅም ብቻ የታሰበ አድርጎ እንደሚወስድ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ፖል አፕልባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። እኔም ከሚያምታቱት አንዷ ነበርኩ።

ቁጥር እንዲነግሩኝ አጥብቄ ጠየቅሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት 460 የመጀመሪያ ምዕራፍ የካንሰር ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰላቸው ሰዎች 10.6 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ጉዳት የሞቱት ደግሞ 0.49 በመቶ እንደነበሩ አግኝቷል። ከአሥር አንድ እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከተገኘው የጂን ለውጥ ጋር ሲገጥም ዕድሉ ከፍ ሊል ይችላል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ፔሚጋቲኒብ በሁለተኛው ምዕራፍ ሲሞከር የእኔን ዓይነት ስብራት ካላቸው 107 ሰዎች 35.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ዕጢው ቀንሷል። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያወራው የኢማቲኒብ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመረው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 የደም ካንሰር ሕመምተኞች የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤናማ ልኩ ተመለሰ፤ በ2001 ተፈቀደ። እውነት ነው፤ ያስደስታልም። ነገር ግን ያ በሽታ በአንዲት ስብራት ላይ ብቻ ቆሞ የሚኖር ነው፤ አብዛኛው የተስፋፋ ካንሰር እንደዚያ አይደለም። ዘመድ ይህን ታሪክ ይዞ ሲመጣ ደስታውን ተቀበሉት፤ ውሳኔያችሁን ግን በእሱ ላይ አትገንቡ።

የጠየቅኋቸውንና ሳልጠይቅ ቀርቼ የቆጨኝን እዚህ ላስቀምጥ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ወሰደው? ምን ምን ደረሰባቸው? በመጀመሪያው ወር ስንት ቀን እመላለሳለሁ? ባዮፕሲው ስንት ጊዜ ነው፤ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? ለመድኃኒቱ አልከፍልም፤ ለስካኑና ለደም ምርመራው ግን ማን ይከፍላል? ብጎዳ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ማነው? የጠቀመኝ እንደሆነ ጥናቱ ሲዘጋ መድኃኒቱ ይቀጥልልኛል? ይህ የመጨረሻው አልታሰበኝም ነበር። እኔ በነበርኩበት ሙከራ እስከ ጠቀመ ድረስ ይቀጥል ነበር፤ ሁሉም ዘንድ እንዲህ ላይሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ በጽሑፍ እዩት። ደግሞም ሙከራውን አልፈልግም ብል ምን አለኝ ብላችሁ ጠይቁ። ሕመምንና ድካምን የሚያስታግሰው ክብካቤ ከሙከራው ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው የለባችሁም። በመጠባበቂያው ክፍል ያገኘኋቸው አንድ አባት ቅጹን ሦስት ጊዜ አንብበው፣ የቀረችውን ጊዜ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ለማሳለፍ መርጠው ተሰናብተውን ሄዱ። ሐኪሟም አክብራ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

መፈረም ማለት መግባት እንዳልሆነ ግን ማወቅ አለባችሁ። ከፊርማው በኋላ እስከ 28 ቀን የሚደርስ ማጣሪያ አለ። ደም፣ ሽንት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ የዓይን ምርመራ፣ አዲስ ባዮፕሲ ተደረገልኝ። የአቅም መለኪያ ነጥብም አለ፤ 0 እንደ ቀድሞው ሁሉን መሥራት፣ 1 ከባድ ሥራ አለመቻል፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ይሄዳል። አብዛኛው ሙከራ 0 ወይም 1 ይፈልጋል። እኔ 1 ነበርኩ። ኬሞው ከሰውነቴ እንዲወጣ ሳምንታት መጠበቅም ነበረብኝ፤ ዕጢው እያደገ ያለ ሕክምና መቀመጥ ከመርፌ ሁሉ ይከፋል። በመጨረሻም ቢሊሩቢኔ (ጉበት ከደም የሚያስወግደው ቢጫ ነገር) ከተፈቀደው ልክ ትንሽ አለፈና ልወድቅ ነው ተባለ። ከአምስት ቀን በኋላ ሲደገም ወርዶ ተገኘ። በዚህ መሐል የምትወስዱትን ማናቸውንም ነገር ተናገሩ፤ ለሆድ ቃር የምትውጡትን ክኒን፣ ቪታሚኑን፣ ዘመድ ያመጣውን ቅጠላ ቅጠል ሁሉ። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ጉበት ውስጥ በአንድ መንገድ ስለሚፈጩ፣ መንገዱን የሚዘጋ ነገር በደማችሁ ያለውን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ መንገዱን የሚያፋጥን ደግሞ ያጠፋዋል። ግሬፕፍሩት የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው። በባዶ ሆዴ ገባሁ፤ ክንዴ ላይ ተሰክቶ የሚቆይ መርፌ ተደረገልኝ። ክኒኑን ከመዋጤ በፊት ደም ተቀዳ፤ ከዋጥኩ በኋላ ደግሞ በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስት፣ በስምንት ሰዓት፣ ከዚያም በማግስቱ። ነርሷ ሰዓቱን በደቂቃ ትመዘግባለች፤ አንዴ ሁለት ደቂቃ ብትዘገይ የዘገየችበትን ጻፈች። በየመሐሉ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሦስት ሦስት ጊዜ ይነሳል። ወፍራም ልብስ፣ የሚነበብ ነገርና ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ። ስትወጡ ስለ ሙከራው የሚገልጽ ትንሽ ካርድና ሌሊትም የሚነሳ የስልክ ቁጥር ይሰጣችኋል። ካርዱን ከቦርሳችሁ አታውጡት፤ ሌላ ሆስፒታል በድንገት ብትገቡ የሚያክማችሁ ሰው ምን እየወሰዳችሁ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው።

በስምንተኛው ቀን የደሜ ፎስፌት (ከምግብ የሚገኝ ማዕድን ነው) 7.4 ሆኖ ተገኘ፤ የጤነኛ አዋቂ ሰው ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ደነገጥኩ። ሐኪሟ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ኩላሊት ትርፍ ፎስፌትን በሽንት የሚያስወግደው በዚሁ ወገን ተቀባዮች በኩል በሚመጣ የሆርሞን ምልክት ነው። መድኃኒቱ ተቀባዮቹን ሲዘጋ ያ ምልክት ይቋረጥና ፎስፌቱ ደም ውስጥ ይቀራል። መጨመሩ መድኃኒቱ ያለመበት እየደረሰ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ሆኖም ዝም አይባልም። ከምግብ ጋር የሚዋጥ፣ ፎስፌትን አንጀት ውስጥ የሚይዝ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ወተት፣ አይብ፣ ለውዝና ጥቁር ለስላሳ እንድቀንስ ተነገረኝ። አፌ ደረቀ፤ ምላሴ ቆሰለ። ሽፋሽፍቴ ረዘመ። ከወራት በኋላ ጥፍሮቼ ከሥራቸው መላቀቅ ጀመሩ፤ ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፣ በጓንት ማጠብ፣ ማታ ማታ ቅባት መቀባት ረድቶኛል። ይህን ሁሉ ለነርሷ ስነግር ነበር።

አንዱን ግን አልነገርኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ በግራ ዓይኔ መሐል ላይ ውኃ የነካው መስታወት የመሰለ ክብ አየሁ። አሸሁት፤ አልሄደም። በማግስቱ ቀኙም ደበዘዘ። ቅጹ ላይ "የዓይን ችግር ሊከሰት ይችላል፤ ወዲያው ያሳውቁ" የሚል መስመር እንዳለ አውቃለሁ፤ ወንድሜ አስምሮበት ነበር። ግን ደግሞ ከጎኔ በታች የነበረው ውጋት ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ እየቀለለኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ አደርኩ። ዓይኔን ብናገር ከሙከራው ያስወጡኛል፤ ያችን እንቅልፍ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቀጠሮዬ ነርሷ "አዲስ ነገር አለ?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት። በየቀኑ በምሞላው የክኒን መዝገብ ላይም በምልክቶች ዓምድ ውስጥ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ።

ያወቀብኝ ወንድሜ ነው። በሃያ አንደኛው ቀን ማታ ለማግስቱ ቀጠሮ መዝገቡን ሲያዘጋጅ፣ ጽሑፌ ከመስመር መውጣቱን አየ። ቁጥሮቹ ከሳጥኑ ውጭ ወድቀዋል። ቀና ብሎ አየኝና "እትዬ፣ ይህን ስትጽፊ ታይኝ ነበር?" አለኝ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ያኔውኑ በሌሊቱ ቁጥር ደወለ።

በማግስቱ የዓይን ሐኪሙ የዓይኔን የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲና የሚባለውን፣ በብርሃን ሲያነሳው ከሬቲናዬ በታች በሁለቱም በኩል ፈሳሽ ተጠራቅሞ ታየ። በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የሚታወቅ ጉዳት ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ወይም ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዝም ቢባል ግን ዓይንን እንደማያሰናክል ማንም ዋስትና አይሰጥም። ሐኪሜ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሯን አስጠግታ ቁጭ አለችና እንዲህ አለችኝ፦ "በዚህ መጠን ላይ ሦስት ሰዎች ናችሁ። ሁለቱ ደኅና ናቸው። ከነገ ወዲያ ተሰብስበን መጠኑን ከፍ እናድርግ ወይስ እንቁም ብለን እንወስናለን። የምንወስነው እርስዎ በሚነግሩን ነው። ያልነገሩን ነገር ቀጣዮቹ ሦስት ሰዎች በሚውጡት ክኒን ውስጥ ይገባል።"

ይህን እስክሰማ ድረስ የተደበቀው የእኔ ዓይን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከፊቴ ስለሄዱት ዘጠኝ ሰዎች ደጋግሜ አስቤአለሁ፤ ከኋላዬ ስለሚመጡት አንድ ቀን አላሰብኩም። ሁለት ቀን ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዎች እኔን ካደበዘዘው በላይ የሆነ መጠን ይሰጣቸው ነበር፤ እኔ "የለም" ብዬ ስለጻፍኩ።

የሆነው ይህ ነው። ጉዳቴ በጥናቱ መመሪያ መሠረት መጠንን የሚገድብ ጉዳት ሆኖ ተቆጠረ። መውጣቱ ቆመና በዚያው መጠን ሌሎች ሦስት ሰዎች ተጨመሩ። ከእነሱም አንዱ ስለተጎዳ መጠኑ አንድ ደረጃ ወረደ። ለእኔ ክኒኑ ሁለት ሳምንት ቆመ፤ በአሥረኛው ቀን ክቡ ከዓይኔ ጠፋ፤ ከዚያ በአነስተኛ መጠን ቀጠልኩ። ያሰብኩት ማባረር አልመጣም። ጉዳትን መናገር ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ማቆም፣ መጠበቅና መቀነስ ነው፤ ይህም መመሪያው ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ይህን ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ባልፈራሁ። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፦ "ብጎዳ ምን ታደርጋላችሁ? ስንት ጊዜ መቀነስ ይቻላል? የሚያስወጣኝ የትኛው ነው?" መልሱን በደብተር ጻፉት። ፍርሃት የሚደበቅበት ቦታ ያጣል።

የመጀመሪያው ስካን በስምንተኛው ሳምንት ነበር። አለካኩን ካላወቃችሁ ውጤቱ ያደናግራል። ከዕጢዎቹ ቢበዛ አምስት፣ ከአንድ አካል ከሁለት ሳይበልጥ፣ ተመርጠው የእያንዳንዳቸው ረጅሙ ስፋት ይለካና ይደመራል። ድምሩ ከመነሻው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ መልስ ሰጠ ይባላል፤ ከደረሰበት ዝቅተኛ ልክ 20 በመቶ ከጨመረ ወይም አዲስ ዕጢ ከታየ በሽታው ገፋ ይባላል። በመሐል ያለው ሁሉ "የተረጋጋ" ነው። የእኔ 18 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን "የተረጋጋ" ይላል። ወንድሜ አኩርፎ ወጣ። እኔ ግን ቀበቶዬ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሶ ስለነበር አላኮረፍኩም። በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት 37 በመቶ ሆነ።

በጠቅላላው አሥራ አንድ ወር ቆየሁበት። የእህቴን ልጅ ሰርግ ቆሜ ዳርኩ፤ ደረጃ ወጣሁ፤ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ። በአሥራ አንደኛው ወር ስካን ሳንባዬ ላይ አዲስ ነጠብጣብ ታየ። ከሙከራው መውጣት ከመግባት ይልቅ ይከብዳል። ማንም አላዘጋጀኝም ነበር። በየሳምንቱ ስማችሁን የሚያውቁ ሰዎች፣ የሚደወልበት ቁጥር፣ ቀኑን የሚከፋፍለው ክኒን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የመጨረሻውን ክኒን ከዋጣችሁ በኋላ በ30 ቀን ገደማ አንድ የመሰናበቻ ምርመራ አለ። ከዚያ ቀን በፊት ቀጥሎ ማን እንደሚያያችሁ አስወስኑ።

በዚያ ሰሞን የጥናቱ አስተባባሪ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መድኃኒቱ ለምን እንዳቆመ ለማየት ከአዲሱ ዕጢ ባዮፕሲ መስጠት ይቻላል፤ ግዴታ አይደለም፤ "ለእርስዎ ሕክምና የሚለውጠው ነገር ላይኖር ይችላል" አለችኝ በግልጽ። ወንድሜ እጄን ያዘኝ። "እትዬ፣ መርፌው ሳንባ ነው። ግዴታ የለብሽም እኮ።" እውነቱን ነበር። ያን ዕለት ደክሞኛል። ቅጹን አነበብኩት፤ ይህኛው አራት ገጽ ብቻ ነው። ስለ ዓይኔ የነገረችኝን አሰብኩና ፈረምኩ።

ውጤቱ ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ። ያው ጂን መድኃኒቱ የሚገባበት ኪስ አካባቢ በሁለት ቦታ ተቀይሮ፣ ክኒኑ እንዳይቀመጥበት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በሌላ የዚሁ ወገን መድኃኒት በታከሙ ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳይ ለውጦችን አሳይቶ ነበር፤ እነዚያም ሰዎች ናሙናቸውን ሰጥተው ነው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ኪሱን ይዘው የማይለቁ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ፉቲባቲኒብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ተፈቅዷል።

እኔ አሁን ሌላ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ውስጥ ነኝ፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ የመጀመሪያዋ ሰው። ወንድሜ አዲስ ደብተር ይዟል። የክኒን መዝገቡን ግን እኔው ነኝ የምሞላው። በመጀመሪያው ቀን ማታ በምልክቶች ዓምድ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ግራ ዓይን ትንሽ ደረቅ፤ ከምሽቱ 2፡40 ጀምሮ፤ ማንበብ ይቻላል።"